ስኳሩ ሲመለስ ያልተመለሰው ስም

በኛ ጊዜማ ልጆቼ፣ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ የለም። እስላሙም ክርስቲያኑም ያው ነው፣ የወሎ ሰው ዘሩ የተሳሰረ ነው፣ አንዱ አያቱ ሸህ አንዱ አያቱ ቄስ። እና በዚህ በአምባሰል ዘር የምቆጥረው እኔ ነኝ። "ኧረ አባ ይመርን ጠይቁ!" ነው የሚባለው፣ ዛሬም አልቀረም፣ አልሐምዱሊላህ።

ታዲያ ይኸ ስኳር በሽታ ያዘኝ፣ ከያዘኝ ብዙ ዘመኑ። እግሬን ያደነዝዘዋል፣ ዓይኔን ያደበዝዘዋል፣ እሱንስ ለምጀዋለሁ። ኋላ ግን መርፌዬን ተወግቼ እረሳና ልድገም ብዬ አነሳለሁ። ዘይነባ፣ ይችውላችሁ ሚስቴ፣ እጄን ለቀም ታደርጋለች፣ "አሁን ተወግተው የለም እንዴ! ሊሞቱብኝ ነው?" ትለኛለች። እና አሁን መድኃኒቱን ከውሃ እንስራው ሥር፣ ቀዝቃዛው ዘንድ ደብቃ እሷው ናት የምትሰጠኝ።

ታዲያ ባለፈው መኸር ሁለት አባቶች መጡ። ሰይድ ከውጫሌ፣ የወንዱ አባት፤ አህመድ ከሐይቅ፣ የሴቷ አባት። "አባ ይመር፣ ልጆቹ ተዋደዋል፣ ቁጠሩልን" አሉኝ። ቆጠርሁ። የወንዱን ጨረስሁ፣ በሱ ወገን ሐሰን የሚባል ትልቅ አባት አለ። እና የሴቷን ጀመርሁ፣ ወጣሁ ወጣሁና የአህመድ ቅድመ አያት ዘንድ ስደርስ ጠፋኝ! ምን ልበላችሁ፣ ጨለማ ነው። ምላሴ ላይ የሚመጣው ያው ሐሰን ነው። ሐሰን ካልሁ ዘመድ ናቸው፣ ጋብቻው ፈረሰ። እውነት ሐሰን ይሁን ወይስ ቅድም የጠራሁት ተጣብቆብኝ ይሁን አላውቅም። አላበኝ።

"ስኳሩ ወርዶባቸው ነው!" አለች ዘይነባ፣ ስኳር በውሃ በጥብጣ አጠጣችኝ። ሰዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጠበቁ። ላቡ ደረቀ። ታዲያ ስኳሩ ተመለሰ፣ ስሙ አልተመለሰም! ያኔ ነው የፈራሁት ልጆቼ። ወላሂ ሞትን እንዲህ ፈርቼው አላውቅም።

አህመድ፣ "እኔስ ከአያቴ ወዲያ አላውቅም፣ ምን ይሻለናል?" አለ። ጨንቆት ነው፣ ልጁ ናታ! እኔም "በኔ ቃል አትሂዱ፣ ጠፍቶኛል" አልኋቸው። ይቺን ቃል ከአፌ ሳወጣ እንዴት እንደከበደችኝ።

ይኸኔ ዘይነባ ከኋላዬ፣ "ወልደ ሥላሴ ነው እንጂ! ሐይቅ እስጢፋኖስ ሲያገለግል የኖረው ዲያቆን፤ ልጁ አይደል የሰለመው? እኔ'ኮ የእርስዎን ቆጠራ ስሰማ ነው ያረጀሁ" አለች። ሲጠራ ጊዜ ታወቀኝ፣ "እሱ! እሱ ነው!" ብዬ ጮህሁ። ከሐሰን ጋር አይገናኝም። ልጆቹም ተጋቡ፣ ሄጄ መረቅሁ።

ምርቃቱስ ደህና፣ እኔን ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ጤና ጣቢያ ሄድሁ። ነርሷ፣ "አባባ፣ ስኳር ሲቆይ፣ ሲወጣ ሲወርድ ማስታወስንም ሊነካ ይችላል፤ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላልና ይመርመሩ፣ በሰዓቱ ይብሉ፣ ይራመዱ" አለችኝ። "የጠፋውስ ይመለሳል ወይ ልጄ?" ብላት የምርመራ ቀጠሮ ጽፋ ሰጠችኝ። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉኝ ነበር?

እና አሁን ጎህ ሲቀድ ሱብሒ ሰግጄ ስም እቆጥራለሁ። የአባቶቼን፣ የልጆቼን፣ ከሁሉ ፊት ግን የዘይነባን። እሷ እስካልጠፋችኝ ደህና ነኝ እላለሁ። አይደል ዘይነባ?

(ወይዘሮ ዘይነባ ሳቅ አሉ።)

"ኧረ ደህና ነዎት። ዛሬ ጠዋት በእህቴ ስም ጠሩኝ እንጂ። እኔም አቤት አልሁ።"