ፐርል ያልነበረበት ላፕቶፕ

ከዘንዘልማ በባጃጅ መጥቼ ወደ ደቅ ደሴት የምትሻገረውን ጀልባ ስጠብቅ የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬን አቶ መርስዔ ኀዘንን ከወደቡ አገኘኋቸው። ለጣና ጀልባዎች የአደጋ ጥሪ የሚያሰማውን መሣሪያ ያበጁ መሐንዲስ ናቸው፤ የስርዓተ ክወናውን እምብርት፣ ከርነሉን፣ የሚገነቡትም እሳቸው ነበሩ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ላፕቶፓቸው ከእጃቸው አምልጦ ሐይቁ ውስጥ ወድቋል፤ ሲያወጡት ሞቷል፤ ተገንብቶ ያለቀው የከርነሉ ቅጂም አብሮት ጠፍቷል። የጀልባዋ መሣሪያ ደግሞ ከርነሉ ተበላሽቶ ዝም ብሏል።

«ነፋሱ ሳይነሣ እሄዳለሁ፤ ሠራም አልሠራም» አለ ነጂው። ተሳፋሪው ይገባ ጀመር።

አብራቸው የምትሠራው ወጣቷ መሐንዲስ ኪዲ በራሷ አዲስ ላፕቶፕ ከርነሉን ከኮዱ እንደገና መገንባት ጀመረች። ወዲያው ቆመ፤ «ፐርል አልተገኘም» ይላል፤ ፐርል የቆየ የፕሮግራም ቋንቋ ነው።

«ከኢንተርኔት አውርጂው!» አሉ አቶ መርስዔ ኀዘን።

«ኢንተርኔት የለም እኮ፣ ጋሼ።»

እኔም ደነገጥሁ። «ከርነሉ የተጻፈው በሲ ቋንቋ አይደለም እንዴ? ፐርልን ምን አመጣው?» አልሁ።

«ከርነሉ ውስጥስ የለም» አለች ኪዲ። «ሲገነባ ግን የሰዓቱን ስሌት ሠንጠረዥ የምታወጣው ስክሪፕት፣ ያቺ ትንሽ ፕሮግራም፣ በፐርል የተጻፈች ናት። እናውጣት ብዬዎት ነበር።»

«ስንት ዘመን ያላሳፈረኝን ቋንቋ በምን ምክንያት ልተወው? አንቺስ በፓይተን እንለውጠው አላልሽም? እሱስ እዚህ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?»

«እውነትዎን ነው፤ ሸክም በሸክም መለወጥ ነበር። እርስዎ እንዲህ ካሉኝ ወዲህ አሰብሁበት። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው የሲ ኮምፓይለር ለከርነሉ የግድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሠንጠረዡንም በዚያው በሲ ጻፍሁት። ካልፈቀዱልኝ ብዬ ነው ያላስገባሁት።»

«ውጤቱ ከእኔው ጋር አንድ ነው?»

«አስተያይቻለሁ፤ አንዲት ቁጥር አልተለየችም።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ፣ ልጄ!»

ግንባታው አለቀ፤ አዲሱን ከርነል ጫነችው። የሙከራው ጥሪ ከወደቡ መቀበያ ሲጮኽ አቶ መርስዔ ኀዘን እንደ ቆሙ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የሚያስደነግጠኝ የላፕቶፑ መስጠም አይደለም» አሉ። «ይህን ሁሉ ነፍስ በአንዲት ስክሪፕት አስሬ በሰላም መተኛቴ ነው።» ከዚያም ላፕቶፑን ተቀብለው የጥንቷን ስክሪፕት በገዛ እጃቸው ሰረዙ። «የቀሩትንም እንዲህ ያሉ ትርፍ ነገሮች እናወጣለን። ከእንግዲህ ትርፍ ፕሮግራም ባልተጫነበት ባዶ ኮምፒውተር ላይ ሳይገነባ ጀልባ ላይ የሚጫን ከርነል የለም።»

ፐርል ክፉ ቋንቋ ሆኖ አይደለም፤ ብዙ አገልግሏል። ነገር ግን ከማያስፈልግ ጥገኝነት የጸዳ ሥራ ኢንተርኔት ቢጠፋ አይቆምም፤ የጀመረው ሰው ባይኖርም ሌላው ያነሣዋል። በዚያች ጀልባ ተሳፍሬ ተሻገርሁ። ከመሐል ሐይቅ ነፋሱ ተነሣና ጀልባዋን ክፉኛ አናወጣት፤ ነጂው የመሣሪያውን አረንጓዴ መብራት አየት አደረገና መንገዱን ቀጠለ።