ከወንዙ የወጣው ባለ ካፖርት

ክቡራትና ክቡራን፣ የስቱዲዮው ኃላፊዎች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ልጆቼም፤

ከሁሉ በፊት ወንበር ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ሳቁ እንጂ! የአልባሳት ክፍል ሠራተኛ በዚህ ግቢ ተቀምጣ ከታየች «ምነው፣ አመመሽ?» ነው የምትባለው። ይኸው ዛሬ ተቀምጬ ተጨበጨበልኝ፤ ማንም «እትዬ፣ ቁልፌ ተበጠሰ» ብሎ አላስነሳኝም። ይህን ያሰናዳችሁ ሁሉ እጃችሁ ይባረክ። ኃላፊያችን ስለ እኔ ያን ሁሉ ሲናገሩ ደግሞ፣ «ይህቺን ሴትዮ ባገኛት እንዴት ደስ ባለኝ» አልኩ በልቤ።

«አሳጥሪው» ተብያለሁ። አሳጥራለሁ። ግን አንድ ዕዳ አለብኝ።

አዲስ ሰው በተቀጠረ ቁጥር ሻይ ክበብ ውስጥ አጠገቤ ይቀመጥና፣ «እትዬ፣ ያ የስለላ ፊልም ላይ ያለው የወንዙ ትዕይንት እንዴት ነው የተሠራው?» ይለኛል። እኔም «በውሃ» እላለሁ። ይስቃል፣ እስቃለሁ፣ ሻያችንን ጠጥተን እንለያያለን። ስንቶቻችሁን በዚህች መልስ ሸኘኋችሁ? ዛሬ ግን እኔ ነኝ የምሸኘው፤ ስለዚህ የሆነውን ልንገራችሁ።

ፊልሙን ያላየ ካለ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ግራጫ ካፖርት የለበሰ፣ ባርኔጣውን ዝቅ ያደረገ ሰላይ አለ። በፊልሙ ሁሉ ስሙን የሚጠራው የለም። የሌላ ፊልም ሰላይ ይሮጣል፤ የእኛው አይሮጥም። የሚያሳድዱት ይሮጣሉ፣ እሱ ይራመዳል፤ ግን አይደርሱበትም። ተመልካቹን ያስፈራው ይኸው ነበር። መሪ ተዋናያችን ያንን አረማመድ ሲፈጥር ጫማ ጨርሷል። ግራ ትከሻውን ትንሽ ዘንበል ያደርግና፣ አንድን ነገር እየሰማ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚራመደው። ሊፍት ውስጥ ስለሚጨንቀው እዚህ ሕንጻ አራተኛ ፎቅ በደረጃ የሚወጣ ሰው ነው እንግዲህ። ካፖርቱን ሲለብስ ግን እኔ ራሴ ቁልፉን እየቆለፍኩለት ዓይኑን ማየት እፈራ ነበር።

የሊፍቱን ጠብ ታስታውሳላችሁ? ያቺ መርዛም ሴት፣ ባለ ሹራብ መርፌዋ፣ ስታንቀው? ሊፍቱ የእንጨት ሣጥን ነበር፤ አናጢዎቻችን ከውጭ ሆነው ይወዘውዙታል። ተዋናይቷ ደግሞ ባነቀችው ቁጥር፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ አመመህ?» ትላለች። ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ይነጫል። «እመቤቴ፣ ልትገድይው ነው እኮ የመጣሽው!» «አውቃለሁ፤ ግን አንገቱ ቀላ!» ይህ ሁሉ ፊልሙ ላይ የለም። ፊልሙ ላይ ያለው ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር ነው። ሥራችን እንዲህ ነው፤ ከኋላው ሳቅ፣ ከፊቱ ፍርሃት።

የወንዙ ቀን ግን ከኋላውም ሳቅ አልነበረም።

ስለ ጎማ ልንገራችሁ። አደጋ ባለበት ሁሉ መሪ ተዋናዩን ተክቶ የሚዘለው፣ የሚወድቀው፣ የሚንከባለለው እሱ ነበር። ጎማ ያልነው ሲወድቅ ስለሚነጥር ነው። ቁመቱም ትከሻውም ከመሪ ተዋናዩ ጋር ልክ ነው። አረማመዱ ብቻ እምቢ አለ። ጎማ ሲሄድ እንደ ዳክዬ ነው። መሪ ተዋናዩ በኮሪደር እያመላለሰ ሊያስተምረው ደከመ።

«እንደ ሰው ሂድ እንጂ!» ይለዋል።

«እኔማ እንደ ሰው እየሄድኩ ነው። እንደ ሰው የማትሄደው አንተ ነህ!»

ስለዚህ ዳይሬክተሩ ዘዴ ፈለገ። ጎማ ከድልድዩ ላይ ይዘላል፣ በውሃው ውስጥ ጠልቆ ካሜራው ካለበት ዳር ይወጣል፣ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እዚያ ላይ ቀረጻው ይቆረጣል። እርምጃው የመሪ ተዋናዩ ነው፤ በሌላ ጊዜ ይቀረጻል። ካፖርቶቹን የሰፋኋቸው እኔ ነኝ፤ ሁለት ነበሩ፣ አንድ ለእሱ፣ አንድ ለጎማ። ጎማ ከስር ብርድ የሚከላከል ወፍራም ልብስ ስለሚለብስ የእሱን ካፖርት ጀርባ ተርትሬ አስፍቼዋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሰማዩ ደምኗል፣ ጉም ውሃው ላይ ተኝቷል። እኔ ብርድ ልብስ ታቅፌ ዳር ላይ ቆሜያለሁ። መሪ ተዋናዩ ካፖርቱን እንደለበሰ አጠገቤ ቆሞ ሻይ ይጠጣል። ለክፉ ቀን የተዘጋጁት ዋናተኞች ጀልባ ላይ ናቸው።

«ጀምር!» አለ ዳይሬክተሩ።

ጎማ ዘለለ። ውሃው ተከፈተ፣ ተዘጋ። ከዚያ ፀጥ አለ። ጠበቅን።

ከዚያ ወጣ። ከጉሙ ውስጥ ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ ባርኔጣው፣ ቀጥሎ ትከሻው፣ ቀጥሎ ካፖርቱ። ዳር ላይ ደረሰ። ይቆማል ስንል አልቆመም። መራመድ ጀመረ። ግራ ትከሻውን ትንሽ ዘንበል አድርጎ።

«እንዳትቆርጥ! እንዳትቆርጥ!» እያለ ዳይሬክተሩ በሹክሹክታ ካሜራማኑን ይማጸናል። «ተማረ! በስተመጨረሻ ተማረልኝ!»

ሰውየው በካሜራው አጠገብ ሲያልፍ ዞር ብሎ ድልድዩን አየ። ከዚያ ወደ እኔ መጣ። ከዚህ እስከዚያ ጠረጴዛ ድረስ ቀርቦኛል። ብርድ ልብሱን ዘረጋሁና፣ «ና ጎማዬ፣ ና፣ በረደህ» አልኩት። አላየኝም። አልፎኝ የድንጋዩን ደረጃ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ከወንዝ የወጣ ሰው ጫማው ይጮሃል አይደል? ውሃ ያንጠባጥባል አይደል? ምንም አልሰማሁም። ከኋላዬ ዳይሬክተሩ «ቁረጥ!» አለ፤ ሁሉም አጨበጨበ። ዋናተኞቹም አጨብጭበው ጀልባዋን ወደ ዳር መለሱ።

ያኔ መሪ ተዋናዩ ክንዴን ጨመቀኝ። ሻዩ እጁ ላይ ፈሷል፣ አላወቀም።

«እትዬ» አለኝ፣ «ያ የጎማ አረማመድ አይደለም።»

«ታዲያ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

ቀና ብዬ ደረጃውን አየሁ። ሰውየው ጫፍ ሊደርስ ነው። ካፖርቱ ጀርባው ላይ ልክክ ብሏል። ያ እኔ ተርትሬ ያሰፋሁት ጀርባ አልነበረም። አጠገቤ ያለውን ሰው አየሁ፤ የእሱ ካፖርት እሱ ላይ ነው። እንግዲህ ሁለተኛው የት ነው ያለው?

«ጎማ አልወጣም!» ብዬ ጮህኩ። «ኧረ ልጁ አልወጣም! ውሃ ውስጥ ነው!»

ጭብጨባው እንዴት እንደቆመ ባስታወስኩ ቁጥር... ይቅርታ፣ ውሃ ስጡኝ።

አመሰግናለሁ።

ዳይሬክተራችን ያን ያህል ውፍረት ይዞ፣ ከነጫማው፣ ከነመነጽሩ ነው የገባው። ዋና እንደማይችል ያስታወሰው አንገቱ ድረስ ከደረሰ በኋላ ነው። ዋናተኞቹ ሰውየው ዞር ብሎ ወዳየው ድልድይ ጀልባዋን አዙረው ከምሰሶው ስር ጠለቁ። ጎማን እዚያ አገኙት። የካፖርቱ ጫፍ አንድ ያረጀ ብረት ላይ ተሰክቶ ይዞታል። ሲያወጡት ከንፈሩ ጠቁሯል፤ አይተነፍስም። የቀረጻው ነርስ ሣሩ ላይ አስተኝታ ደረቱን ትጫናለች፣ ትነፋለች፣ ትጫናለች። መሪ ተዋናዩ ተንበርክኮ፣ «እንደፈለግክ ሂድ፣ እንደ ዳክዬ ሂድ፣ ብቻ ተነስ!» ይለዋል።

ሳለ። ውሃ ተፋ። ዓይኑን ገለጠና ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ቀረጻው ወጣ?»

አይ ጎማ! ያው እዚያ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ይሸሸጋል፣ ፀጉሩ ሸብቶ። አጠገቡ ያለችው ሚስቱ ያቺ ነርስ ናት። «እስትንፋሴ የሷ ነው» እያለ ሲመጻደቅ ስንት ዓመቱ! አጨብጭቡላት፤ ለእሱ ሳይሆን ለእሷ።

እኔ ግን እነሱ ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ደረጃውን ወጣሁ። ከታች እስከ ላይ ደረቅ ነው። አንዲት ጠብታ የለችም። ላይ ያለው መንገድ ባዶ ነው። የጥበቃ ሠራተኛው፣ «በዚህ ማንም አላለፈም» አለኝ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ጨለማው ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አየነው። አለ። እናንተ እንዳያችሁት ይወጣል፣ ይራመዳል፣ ዞር ብሎ ድልድዩን ያያል። ፊቱ የባርኔጣው ጥላ ውስጥ ነው። ካሜራማናችን ግን፣ «እኔ በካሜራው ውስጥ ፊቱን በደንብ አይቼዋለሁ» አለ። «ማንን ይመስላል?» አልነው። ተነስቶ ወጣ። በኋላም ለብቻው ጠየቅኩት፣ ታሞም ጠየቅኩት። እጄን ጨበጥ አድርጎ፣ «ተይው እህቴ» አለኝ። ሳይነግረኝ አረፈ። ነፍሱን ይማረው።

ዳይሬክተሩ ያን ቀን መብራቱን አስበርቶ፣ «ቆርጠን እናውጣው?» አለ።

ጎማ ከሆስፒታል በወጣ በማግሥቱ ነው፤ ትከሻው ላይ ጋቢ ጣል አድርጓል። «እሱን ካወጣችሁት እኔም እወጣለሁ» አለ። ትዕይንቱ ሳይቆረጥ ቀረ። የስንት አገር ሰው ያደነቀው ትዕይንት ይኸው ነው።

መሪ ተዋናያችንስ? ከዚያ ቀን በኋላ አረማመዱ ጠፋው። የመጨረሻውን ትዕይንት፣ ሰላዩ ከባቡር ጣቢያው ሄዶ የሚጠፋበትን፣ ስንሞክር ውለን አደርን። ሜዳ ላይ ይደናቀፋል። «አልመጣም አለኝ» ይላል፣ ስለ አንድ የጠፋ ዘመድ እንደሚያወራ። ለዚህ ነው ፊልሙ ሰላዩ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያልቀው። ሰው ግን «ምን ዓይነት ጥበብ ነው!» አለ። እሱ ከዚያ ወዲህ አልተወነም፤ ሬዲዮ ላይ ታሪክ ያነባል፤ ድምፁን ታውቁታላችሁ። ሬዲዮ ላይ ሰው መራመድ አያስፈልገውም።

ጎማ ውሃው ውስጥ ምን እንዳየ ለረጅም ጊዜ አልጠየቅኩትም። አንድ ቀን ሱሪውን ስለካለት ሳልጠይቀው ራሱ ተናገረ። «ብረቱ ሲይዘኝ አንድ ሰው እጄን ይዞ ነበር፣ እትዬ። ‹ቆይ› ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ ለቀቀኝና ወደ ዳር ሄደ። የገረመኝ ግን ልብሱ ነው። እዚያ ውሃ ውስጥ፣ ደረቅ ነበር።» ማን እንደነበር ዛሬም አላውቅም። ሥጋ ይሁን መንፈስ፣ ክፉ ይሁን ደግ፣ አልምልም። ዞር ብሎ ድልድዩን ባያይልን ግን፣ እዚያ በሩ አጠገብ ያ ወንበር ባዶ ይሆን እንደነበር አውቃለሁ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ስቱዲዮ የዘለለ ሰው «አለሁ!» ብሎ በገዛ አፉ ሳይናገር አይጨበጨብም። አዲሶቹ ትገረማላችሁ፤ ምክንያቱ ይህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሰውን ሌላ ሰው እያስመሰልኩ ያለበስኩ ሴት ነኝና አደራ ልበላችሁ፤ በካፖርቱ አትመኑ፣ ድምፁን ስሙ። ሥራው አምሯል ብላችሁ ሰው ከውሃ ሳይወጣ አታጨብጭቡ።

ልጆቼ፣ የምትዘሉም የምትቀርጹም፣ የምትሰፉም የምትጠርጉም፤ ጤናችሁ ይብዛ፣ እንጀራችሁ ይስፋ፣ የምትሠሩት ይመርላችሁ። ስትጠፉ የሚጮህላችሁ አትጡ። የገባችሁበት ሁሉ በሰላም ያስወጣችሁ፤ ስትጠሩም «አለሁ» ለማለት ያብቃችሁ።

እኔም ይኸው፣ አለሁ። ደህና ሁኑልኝ።