የመጋቢት ሦስቱ አሻራ

(ዐርብ ከሰዓት በኋላ፣ በአንዲት የወረዳ ከተማ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ እታገኝና የሰባ ሰባት ዓመቱ አቶ ይርዳው ደርሰህ፣ ለነገው የከተማዋ የታሪክ ቀን በተደረደሩት ወንበሮች መሀል ቆመው ይከራከራሉ።)

ይርዳው፦ ከባድ ነገር አልጠየቅኩሽም። የደብሪቱን ስም ከነገው ተናጋሪዎች አውጪ ነው ያልኩሽ።

እታገኝ፦ አላወጣም፣ ጋሼ።

ይርዳው፦ ሌላ ተናጋሪ ሞልቷል። ስለ ትምህርት ቤቱ ይነገር። ስለ ገበያው ይነገር።

እታገኝ፦ ይነገራል። ከዚያ ስለ ውሃው ይነገራል።

ይርዳው፦ የውሃውን ታሪክ አገር ያውቀዋል። አባቴ ባላምባራስ ደርሰህ የአጥቢያ ዳኛ ሳለ ምንጩን አስጎልብቶ ቧንቧ አስገባ። ሕዝቡ ጠጣ። አለቀ።

እታገኝ፦ ምንጩ የማን ነበር?

ይርዳው፦ የሕዝብ።

እታገኝ፦ ከሕዝብ በፊትስ?

ይርዳው፦ የእግዜር።

እታገኝ፦ በእግዜርና በሕዝብ መሀል አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። የእትዬ ደብሪቱ እናት፣ ወይዘሮ ጥሩሰው።

ይርዳው፦ ጥሩሰው በፈቃዷ ነው የሰጠችው። ወረቀት አለ።

እታገኝ፦ አለ። እኔ ጋ ነው።

ይርዳው፦ እንዴት አንቺ ጋ?

እታገኝ፦ ቀበሌው መጋዘኑን ሲያጸዳ የድሮውን ፍርድ ቤት መዝገብ ሊያቃጥለው ነበር። በጋሪ አስጭኜ አመጣሁት። «ምንጩን ከነመሬቱ ለከተማው ሕዝብ በፈቃዴ ሰጥቻለሁ» ይላል። ከሥሩ የአውራ ጣት አሻራ አለ። መጋቢት ሦስት ቀን ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን ቀረሽ? ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ ለጥፊና ደብሪቱ ቤቷ ትቀመጥ።

እታገኝ፦ ባለፈው ወር ለዚሁ ዝግጅት ከአንባቢዎቻችን ጋር ገብርኤል ሄደን የመቃብር ላይ ጽሑፎችን ስንገለብጥ ነበር። የወይዘሮ ጥሩሰውን ድንጋይ አገኘነው። «ጥር ዘጠኝ ቀን ሃምሳ ስምንት ዐረፈች» ይላል።

ይርዳው፦ ድንጋይ ጠራቢ ይሳሳታል።

እታገኝ፦ ልጅም ይሳሳታል? እትዬ ደብሪቱ እናቴን የቀበርኩት ለከተራ ነው ይላሉ። ታቦት ሲወርድ እሳቸው ከመቃብር ይመለሱ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን አይረሳም፣ ጋሼ። የሞተ ሰው ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ተነሥቶ አይፈርምም።

ይርዳው፦ ይህን ለማን ተናገርሽ?

እታገኝ፦ እስካሁን ለማንም። እሳቸውም ወረቀቱን አላዩትም። የሚያውቁት እናታቸው ምንጩን እንደማይሰጡ ብቻ ነው።

ይርዳው፦ ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ልጄ። አባቴ ተነሥቶ አይመልስልሽም።

እታገኝ፦ ወይዘሮ ጥሩሰውም ተነሥተው አልተናገሩም። ሌላ ሰው ነው የተናገረላቸው።

ይርዳው፦ በሩ ላይ የማን ስም እንዳለ ታውቂያለሽ? ይህን ቤት ለማሠራት ስንት ቢሮ እንደዞርኩ ታውቂያለሽ? ሰኞ ለወረዳው አንድ ደብዳቤ ብጽፍ አንቺ እዚህ አትኖሪም።

እታገኝ፦ አውቃለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ። ሳላስብበት አልቀረሁም።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን አስጨከነሽ?

እታገኝ፦ ረቡዕ ዕለት እትዬ ደብሪቱ ወንበራቸውን ሊያዩ መጡ። ተቀምጠውበት አዩት። ከዚያ «ስናገር ሰው ይስቅብኝ ይሆን?» አሉኝ። ይህ ከተማ ሃምሳ ስምንት ዓመት «የውሃ እብድ» እያለ ነው የጠራቸው። በዐሥራ አራት ዓመታቸው ከመሬታቸው ተነሥተው ሰው ቤት አገልግለው ነው ያደጉት። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ይርዳው፦ ቧንቧው ሳይገባ ሕፃን ይረግፍ ነበር። በየሳምንቱ ትንሽ ሬሳ። ይህንስ ማን ይናገርለት?

እታገኝ፦ እርስዎ ይናገሩታ። እኔ አልከለክልም። አባትዎ ውሃ አምጥተዋል፣ ሕይወት አድነዋል። ለልጅቷ ግን ምትክ መሬት መስጠት ያቅታቸው ነበር?

ይርዳው፦ አያቅተውም ነበር።

እታገኝ፦ እሱን ነው የምለው።

ይርዳው፦ ስለ አሻራው ነገ ምን ትያለሽ?

እታገኝ፦ ሁለቱን ቀኖች አነባለሁ። አሻራው የማን እንደሆነ አላውቅም እላለሁ።

ይርዳው፦ ሰው ግን የባላምባራስ ነው ይላል።

እታገኝ፦ ይላል። እኔም የሚመስለኝ እንደዚያው ነው፤ አፌን ሞልቼ ግን አልናገርም።

ይርዳው፦ ጽሕፈቱን አይተሽዋል?

እታገኝ፦ አይቼዋለሁ። ያምራል። ፊደሉ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ነው።

ይርዳው፦ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ።

እታገኝ፦ ያውቁታል?

ይርዳው፦ የቧንቧው መሐንዲሶች ከጠቅላይ ግዛቱ መጥተው በረንዳው ላይ ቆመዋል። የመሬቱን ወረቀት ካላየን እንመለሳለን አሉ። ቢመለሱ ደግሞ አይመጡም። አባቴ ምሳ ሊያበላቸው ይዟቸው ወጣ። እኔ ከባዶ ወረቀት ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ቀለሙ ጠረጴዛው ላይ ነበር።

እታገኝ፦ ጋሼ…

ይርዳው፦ ተይኝ፣ ልጨርሰው። ሲመለስ ወረቀቱን አየ። ጣቴን አየ። አጣጥፎ ሰጣቸው። እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቀን አላወራንም።

እታገኝ፦ ለማንም ተናግረው አያውቁም?

ይርዳው፦ ለንስሐ አባቴም። ልጅቷ ዕቃዋን ተሸክማ በደጃችን ስታልፍ ዐይቻታለሁ። ጎበዝ ነሽ፣ ሁሉን አገላብጠሽ አገኘሽ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ግን ለአባቴ ስም ብዬ አልነበረም።

እታገኝ፦ ገባኝ።

ይርዳው፦ አሁን አባቴን ለእኔ ጥፋት ልታስወቅሺው ነው። ያንን ደግሞ ቁጭ ብዬ ልሰማ አልችልም።

እታገኝ፦ እንግዲያው ነገ እርስዎ ይናገሩ። ከእትዬ ደብሪቱ በፊት ላስገባዎት።

ይርዳው፦ ይህን ከሕዝብ ጋር እኩል መስማት የለባትም። አስቀድማ ለብቻዋ ትስማው። አሁን ቤቷ ትገኛለች?

እታገኝ፦ ይገኛሉ። ቤታቸውን አያውቁትም እንዴ?

ይርዳው፦ አውቀዋለሁ። ብቻዬን ከሄድኩ ግን ደጇ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ቁልፍሽን ያዢና አብረሽኝ ሂጂ።