የሚዜው ብረት

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ወደ መልካ ወረር በሚሄደው ላንድሮቨር፣ ከፊቴ አንድ ወጣት የጥጥ እርሻ ጸሐፊና አንድ አዛውንት የቀን ሠራተኛ ተቀምጠው ያወራሉ።

«ልጄ፣ ቅድም ጣሪያው ላይ የጫንኩልህ ሣጥን ምን አለበት? ወገቤን ቆረጠኝ እኮ።»

«የስፖርት ብረት ነው፣ አባባ። ቤቴ ሆኜ ጠዋት ማታ ላነሳው ነው።»

«አንስተህስ ወዴት ታደርሰዋለህ?»

«የትም። መልሼ አስቀምጠዋለሁ።»

«ወይ ጉድ! ምን አስጨነቀህ?»

«ለዳግማይ ትንሣኤ የጓደኛዬ ሚዜ ነኝ። ሙሽራዋን ከቤት እስከ በቅሎዋ የምሸከማት እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት ብጥላትስ?»

«እንዲያማ ከሆነ በርታ። መቼ ጀመርክ?»

«ነገ ነው የምጀምረው።»

«እኔ ዛሬ ጀምሬያለሁ። እንዲያውም ሙሽራዋን እኔው ልሸከማት።»

መልካ ወረር ስንደርስ፣ ሣጥኑን ከጣሪያው ማን እንደሚያወርደው ሳላይ ወደ ቤቴ ልሂድ ብል እግሬ እምቢ አለኝ።