ሁለተኛው ዓይን

ግንቦት 7 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ሠዓሊዋ ፌቨን የዘይት ቀለም በምታስተምርበት ክፍል፤ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲቀቡ የኖሩት ጋሽ ዘርፉ አንድ የጥንት ጣሊያናዊ ከጎን የሣላትን ሴት አይተው እንዲገለብጡ ታዘው ነበር።

ፌቨን፦ ጋሼ፣ ይቺ ሴትዮ ሁለተኛ ዓይን ከየት አመጣች?

ጋሽ ዘርፉ፦ ከፈጣሪዋ።

ፌቨን፦ ዋናው ላይ ያላት አንድ ብቻ ነው። ሌላው በወዲያ በኩል ስለሆነ አይታይም።

ጋሽ ዘርፉ፦ ስለማይታይ ነዋ አውጥቼ ያሳየሁሽ።

ፌቨን፦ ጆሮዋ ሥር?

ጋሽ ዘርፉ፦ ባዶ ቦታ የተረፈው እዚያ ነው።

ፌቨን፦ ያን ሁሉ ዘመን መኪና ሲቀቡ፣ የፊቱን መብራት በሩ ላይ ሥለው ያውቃሉ?

ጋሽ ዘርፉ፦ መኪና አይኮነንም።

ፌቨን፦ አልገባኝም።

ጋሽ ዘርፉ፦ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ አይተሽ አታውቂም? ጻድቃኑ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይናቸው። በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ሲኦል የወረደው ነው።

ፌቨን፦ እሱ የኛ አባቶች ወግ ነው። በዚያ አገር የተከበረችን ሴት እንዲህ ይሥሏት ነበር። ደግሞም ይቺን የሰጠሁዎት ለሰናይት ብዬ ነው። ያመጡልኝ የልጅዎ ፎቶ ከጎን የተነሳ ስለሆነ፣ እጅዎ ይልመድ ብዬ።

ጋሽ ዘርፉ፦ አውቃለሁ።

ፌቨን፦ እንግዲያው ፊት ለፊት የተነሳችውን ይፈልጉልኝ። የመታወቂያም ቢሆን።

ጋሽ ዘርፉ፦ የለም። ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ ፎቶዎቿን ሁሉ፣ መታወቂያዋን ሳይቀር፣ ጓሮ አቃጠለቻቸው። ጭሱን አይቻለሁ። ቅጠል ጠርጋ የምታቃጥል መስሎኝ፣ "በርቺ" ብያት አለፍኩ። ይቺኛዋ የተረፈችው የሰው ሠርግ ላይ ተነስታ በሰው እጅ ስለነበረች ነው።

ፌቨን፦ ይሄን አልነገሩኝም።

ጋሽ ዘርፉ፦ በገዛ እጇ ነው የሄደችው፣ ፌቨን። ቄሱ ፍትሐት አልፈቱላትም። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ለቅሶ የደረሰው ሁሉ እየተንሾካሾከ ሲኦል አገባት። እኔ ደግሞ በአንድ ዓይን ሥዬ በሙት ዓመቷ ልስቀልላቸው? "አባቷም መሰከረ" እንዲሉ?

ፌቨን፦ ሙት ዓመቷ መቼ ነው?

ጋሽ ዘርፉ፦ ሰኔ አሥራ አንድ።

ፌቨን፦ ወር ከአራት ቀን። ቀለሙ እስኪደርቅ ብቻ ስንት ሳምንት ይፈጃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዳይሆን።

ጋሽ ዘርፉ፦ የኔ ፈስሶ ካለቀ ቆየ።

ፌቨን፦ እሺ፣ ፊት ለፊት እንሞክራት። አፍንጫዋንና አገጯን ከፎቶው እናገኛለን። ዓይኗን እርስዎ ያስታውሱ።

ጋሽ ዘርፉ፦ ለማስታወስ ስጨፍን የሚመጣብኝ ጭሱ ነው።

ፌቨን፦ ይሄ የሣሉት ዓይን ታዲያ የማን ነው? ቦታውን ይሳት እንጂ ሥራው ግሩም ነው። እኔ እንኳ ይሄን አላስተማርኩዎትም።

ጋሽ ዘርፉ፦ የራሴ ነው። በመስተዋት እያየሁ ሣልኩት። "ሰናይት ዓይኗ ቁርጥ አባቷን" ይሉ ነበር።

ፌቨን፦ አገኙታ፣ ጋሼ። በእርስዎ ዓይን እንሥላታለን። እናቷ ብታይ ታውቃታለች።

ጋሽ ዘርፉ፦ ይሄ ዓይን ጭሱን እያየ ልጁን ያላየ ዓይን ነው። እሷ ፊት ላይ አላስቀምጠውም።

ፌቨን፦ ጋሼ...

ጋሽ ዘርፉ፦ ጨርቁን ተርፔንታይን ነክረሽ አቀብዪኝ። ሳይደርቅ ልጥረገው።

ጋሽ ዘርፉ የጣሊያኗን ሴት በአንድ ዓይኗ ሰኔ ሦስት ቀን ጨረሱ፤ የሰናይትን ሸራ አልጀመሩም።