መርፌው እና ሁዳዴ

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር እየተመለስን ነው። ሐኪሙ ለልጄ በየቀኑ የስኳር በሽታ መርፌ አዝዞላታል፤ መርፌው ይገድላታል ብዬ ፈርቻለሁ። በአውቶቡሱ ከፊታችን አንዲት ነጋዴና አንድ መሪጌታ ያወራሉ።

«መሪጌታ፣ ከስተው አልነበር? ምን አገኙ?»

«ኢንሱሊን እወጋለሁ። ሰውነት ራሱ የሚሠራው ነገር ነው አሉኝ፤ የኔው ሰንፎ ነው።»

«አይጎዳም?»

«ጥፋቱ የኔ ነበር እንጂ! በሁዳዴ ጠዋት ተወግቼ፣ እህል ሳልቀምስ ቅዳሴ ቆምሁ። እየተንቀጠቀጥሁ ከነመቋሚያዬ ወደቅሁ።»

«ወይ ጉድ!»

«ሕዝቡማ ጋኔን ነው ብሎ በጠበል አራሰኝ። ባለቤቴ ሮጣ ማር አላሰችኝ፤ ወዲያው ልቤ ተመለሰ።»

«ጋኔኑ ማር ወዳድ ኖሯላ!»

«መርፌው ስኳሩን አብዝቶ ሲያወርደው እንዲያ ነው፤ ሐኪሜ ለባለቤቴ አስቀድሞ ነግሯት ነበር።»

«ጾሙስ?»

«የነፍስ አባቴ ‹ተወግተህ ብላ› አሉኝ። ይኸው በሽሮ ወፈርሁ!»

እኔም «መርፌሽን ተወግተሽ ትበያለሽ» ብዬ ልጄን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ የገብሱን ማሳ አሳየኋት።