በዲቪዲ ሌንስ የታየው አውሬ

ከዳባት ወደ ደባርቅ ገበያ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ጆንያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አጠገባቸው ባለው ወጣት ስልክ ላይ አረፈ።

«ይህ ደግሞ የየት አገር አውሬ ነው?»

«አውሬ አይደለም፣ አባባ፤ ትንሽ ነገር ናት። ከተሰበረ ዲቪዲ ማጫወቻ ሌንስ አውጥቼ ስልኬ ላይ በፕላስተር ለጥፌ ነው እንዲህ አጉልቼ ያነሳኋት።»

«ኩምቢ አላት እኮ!»

«አፏ ነው። ነቀዝ ናት።»

«እግዚኦ! ለመሆኑ የየትኛው ሰነፍ ስንዴ ላይ አገኘሃት?»

«አሁን፣ ከእርስዎ ጆንያ ላይ።»

«ቀስ በል፣ ሰው ይሰማል!»

«ጥርት ብላ ወጥታልኛለች እኮ፣ አባባ።»

«እሱ ነው የከፋው! ገበያ ሳንደርስ አጥፋልኝ። ፎቶ ካማረህ አበባ አንሳ፤ አበባ ምን አጣህ?»

ስንዴ ልገዛ የወጣሁት እኔ ባዶ ጆንያዬን አጣጥፌ ከመቀመጫው ሥር ሸጎጥኩት።